ራውተሬ ቻናል እየቀያየረ አስቸገረኝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ዋይፋይ ሲያስቸግር የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። ክፍያ የለውም፤ ቡና ግን አለው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጎረቤቶቼ ስልካቸው ላይ የዋይፋይ መመርመሪያ አፕ መጫን ለምደዋል። ስለዚህ ጥያቄው ተቀይሯል። ድሮ «ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል» ነበር። አሁን «ቅድም 6 ላይ ነበር፣ አሁን 11 ገባ፣ ምን ሆኖ ነው?» ሆኗል። ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሴቲንግ ከመነካካታችሁ በፊት ለሁለት ሦስት ቀን ዋይፋዩ የሚቋረጥበትን ሰዓት ወረቀት ላይ መዝግቡ። ብዙ ጊዜ ችግሩን ያገኘሁት ራውተሩን ከፍቼ ሳይሆን ያንን ወረቀት አይቼ ነው።

ለመሆኑ ቻናል የሚባለው ምንድን ነው?

ዋይፋይ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ጣቢያዎች እንዳይደበላለቁ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቦታ እንዳላቸው ሁሉ ራውተሮችም ቻናል አላቸው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ባንድ (ባንድ ማለት ዋይፋዩ የሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ ክልል ነው) ቻናሎቹ በአብዛኛው ዓለም ከ1 እስከ 13፣ በአሜሪካ ከ1 እስከ 11 ተቆጥረዋል። አስራ ሦስት ሲባል ብዙ ይመስላል። ግን በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። አንድ ዋይፋይ ደግሞ ወደ 20 ሜጋኸርዝ የሚጠጋ ስፋት ይይዛል። ስለዚህ 3 ላይ የተቀመጠ ራውተር 1ንም 5ንም ይረግጣል። ሳይነካኩ ጎን ለጎን መቀመጥ የሚችሉት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በቃ።

በ5 ጊጋኸርዝ ሰፋ ያለ ቦታ አለ። እዚያ ቁጥሮቹ 36፣ 40፣ 44፣ 48 እያሉ ወደ ላይ ይሄዳሉ።

ታዲያ ማን አዘዘው? እኔ አልነካሁትም።

ከፋብሪካ ሲወጣ የቻናል ምርጫው «ኦቶ» ላይ ስለሆነ ነው። ራውተሩ አካባቢውን ይቃኝና ያልተጨናነቀ የመሰለውን ይይዛል። አንዳንዱ ይህን የሚያደርገው ሲነሳ ብቻ ነው። ሌላው እየሠራም በየጊዜው ይቃኛል። ይኼኛው ነው አስቸጋሪው።

የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ሁለት ሰልፍ አለ። አንዱ አጠር ያለ ሲመስል አስር ሰው ወደዚያ ይሮጣል። ወዲያው ያኛው ረዘመና አስሩም ተመልሰው ይመጣሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። እኔ ሳሎን ቆሜ ስቃኝ ከሃያ በላይ የዋይፋይ ስም ይመጣልኛል። አብዛኞቹ ኦቶ ላይ ናቸው። የእኔ ከ1 ወደ 6 ሲሸሽ የጎረቤቴ ራውተር «6 ተጨናነቀ» ብሎ ወደ 11 ይሄዳል። 11 ላይ የነበረው ደግሞ ወደ 1። ማንም ጥፋት አልሠራም፣ ማንም አላረፈም።

መቀየሩ በራሱ ጉዳት አለው?

በመሠረቱ የለውም። ደህና ራውተር ከመዛወሩ በፊት «ወደዚህ ቻናል ልሄድ ነው፣ ተከተሉኝ» የሚል መልእክት ለተገናኙት ዕቃዎች ይልካል። ስልካችሁ ይህን ይሰማና ሳታውቁት ተከትሎ ይሄዳል። ችግር የሚፈጥሩት ርካሽ ካሜራዎች፣ ያረጁ ፕሪንተሮችና አንዳንድ ቲቪዎች ናቸው። መልእክቱን አይሰሙም። ባዶ ቻናል ላይ ቆመው ይቀሩና እንደገና መፈለግ ይጀምራሉ።

ሌሊት አንዴ ቀይሮ ጠዋት የማታውቁት ከሆነ ተዉት። በሰዓት ሦስት አራት ጊዜ እየቀየረ የዙም ስብሰባ መሃል ላይ ጥሏችሁ የሚሄድ ከሆነ ግን ቀጥሉ፣ አንብቡ።

በእርግጥ ቻናሉ መቀየሩን እንዴት አረጋግጣለሁ?

ከምሰማቸው አቤቱታዎች ብዙዎቹ የቻናል ጉዳይ ሆነው አይገኙም። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አንድሮይድ ላይ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባሉት አፖች የእናንተንም የጎረቤትንም ቻናል በግራፍ ያሳያሉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ፕሮፐርቲስ ስትከፍቱ ባንዱና ቻናሉ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ማክ ኮምፒውተር ላይ የኦፕሽን ቁልፍን ይዛችሁ የዋይፋይ ምልክቱን ብትጫኑ ዝርዝሩ ይወጣል። አይፎን በዚህ በኩል ቆጣቢ ነው፤ የአፕል የራሱ ኤርፖርት ዩቲሊቲ አፕ ላይ የዋይፋይ ስካነሩን ከስልኩ ሴቲንግስ ካላበራችሁት በቀር አያሳያችሁም።

አሁን በቻናል መቀያየር ስም የሚከሰሱትን ሌሎች እንይ። የመጀመሪያው ራውተሩ ራሱ ጠፍቶ እየተነሳ መሆኑ ነው። ሲነሳ እንደ አዲስ ቻናል ይመርጣል። እናንተ የምታዩት አዲሱን ቁጥር ነው፤ በሽታው ግን መጥፋቱ ነው። ይህን ለመለየት የራውተሩ ገጽ ውስጥ (እንዴት እንደሚገባ ከታች አለ) ስቴተስ የሚለውን ክፈቱና ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚናገረውን መስመር ፈልጉ። «12 ደቂቃ» ካለና እናንተ ካልነካችሁት መልሱ ተገኝቷል።

ሁለተኛው ስልካችሁ ከአንዱ ባንድ ወደ ሌላው መዝለሉ ነው። ለ2.4 እና ለ5 ጊጋኸርዝ አንድ ስም የሚሰጡ ራውተሮች ስልኩን እንደ ርቀቱ ወዲያና ወዲህ ይሰዱታል። ቁጥሩ ከ6 ወደ 44 ከዘለለ ራውተሩ ቻናል አልቀየረም። ሁለቱም ቻናሎች እየሠሩ ናቸው፤ የተዛወረው ስልካችሁ ነው። መኝታ ቤት ስትገቡ ብቻ የሚሆን ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ዋይፋዩ ደህና ሆኖ መስመሩ መቋረጡ ነው። ስልኩ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለም» ይላል። ፋይበር ያላችሁ ከሆነ ሳጥኑ ላይ «ሎስ» የምትባለዋን መብራት እዩ። ቀይ ከሆነች ብርሃኑ እየደረሰ አይደለም፤ ቻናል ብትቀያይሩ ዋጋ የለውም። ይህን ኢንተርኔት ለሚያቀርብላችሁ ድርጅት ደውሉና ንገሩ። ኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ነው።

ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው የሚሆነው። ይህስ ምን ይባላል?

እንጀራ የሚጋገረው መቼ ነው?

እየቀለድኩ አይደለም። አራተኛ ፎቅ ያሉ አንዲት እናት ዋይፋያቸው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያብድባቸዋል። ልጃቸው ራውተሩ ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ሊገዛ ነበር። ወረቀቱን ሳየው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው። «እማማ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ምን አለ?» ስላቸው ሳቁ። ምጣድ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በተበራ ቁጥር የቤቱ ቮልቴጅ ይወርዳል። የራውተሩ አዳፕተር ጤነኛ ከሆነ ይችለዋል፤ አብዛኞቹ ላያቸው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ተጽፏል። ያረጀ ወይም ከገበያ የተገዛ ተተኪ አዳፕተር ግን ለአፍታ ይሰናከላል። ያቺ አፍታ ራውተሩን ለማጥፋት ትበቃለች። የእማማም አዳፕተር የራውተሩ አልነበረም። የድሮ ዲኮደር አዳፕተር ነው፤ ቮልቱ ይስማማል፣ አምፑ ያንሳል። ቀየርነው፣ አለቀ።

አዳፕተር ስትገዙ ቮልቱ በትክክል አንድ መሆን አለበት። አምፑ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ይሸጣል። እኔ ከገዛሁት ወዲህ መብራት ሄዶ ሲመጣ ዋይፋዩ አይነቃነቅም።

ኦቶውን አጥፍቼ ራሴ ልምረጥ?

2.4 ላይ፣ አዎ። ኮንዶሚኒየም ወይም አፓርታማ ከሆነ በተለይ።

የራውተሩ ገጽ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። አንዳንድ የፋይበር ሳጥኖች 192.168.100.1 ይላሉ። ትክክለኛው ከራውተሩ ጀርባ ተለጥፏል፤ የመግቢያ ስሙና ፓስወርዱም እዚያው ነው። ከገባችሁ በኋላ ዋይፋይ ወይም ዋየርለስ የሚለው ውስጥ ቻናል የሚል መስመር አለ። ኦቶ የሚለውን ወደ ቁጥር ቀይሩትና ሴቭ ወይም አፕላይ በሉ።

የትኛው ቁጥር? 1፣ 6 ወይም 11። ከሦስቱ ጎረቤት ያነሰበትን፣ ወይም የጎረቤቱ ሲግናል ደካማ የሆነበትን ምረጡ። አፑ ላይ ሲግናል በኔጌቲቭ ቁጥር ነው የሚጻፈው፦ -45 በጣም ቅርብ፣ -85 በጣም ሩቅ ነው።

እዚህ ጋ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ስህተት አለ። «1ም 6ም ሞልቷል፣ ስለዚህ መሃል ላይ 3ን ወይም 4ን ልያዝ» ይባላል። ብልጥ ይመስላል። አይደለም። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች እርስ በርስ ይሰማማሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል፤ እንደ እድር ስብሰባ ተራ በተራ ነው። ቀርፈፍ ሊል ይችላል እንጂ ሥርዓት አለው። 4 ላይ ስትቀመጡ ግን የ1ንም የ6ንም ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ምን እንዳሉ ግን አይገባችሁም። ሁለት ድንኳን መካከል ቆሞ እንደማውራት ነው። ለእናንተም ለእነሱም ጫጫታ ይሆናል።

እዚያው ገጽ ላይ ስፋቱን የሚወስን መስመር አለ። 2.4 ላይ 20 ሜጋኸርዝ አድርጉት። 40 ብታደርጉት ወረቀት ላይ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ነገር ግን ጠባቡን ባንድ ግማሽ ያህሉን ብቻችሁን ትይዙታላችሁ። ጎረቤት በበዛበት ቦታ መጨረሻው ብጥብጥ ነው።

5 ጊጋኸርዙ ግን ለአንድ ደቂቃ ያህል ጭራሽ ይጠፋና በሌላ ቁጥር ይመጣል።

ይህ የጎረቤት ነገር አይደለም። ራዳር ነው። ወይም ራዳር የመሰለ ነገር።

ከ5 ጊጋኸርዝ ቻናሎች ውስጥ ከ52 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 144 ያሉት መጀመሪያውኑ የአየር ጠባይ፣ የአቪዬሽንና የጦር ራዳሮች የሚጠቀሙበት ቦታ ላይ ናቸው። ዋይፋይ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ደንብ አለው። ራውተሩ እዚያ ከመግባቱ በፊት ለ60 ሰከንድ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከገባ በኋላም ራዳር ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ለቅቆ ይወጣል፣ ለ30 ደቂቃም አይመለስም። የሚሄድበት አዲሱ ቻናልም ከእነዚሁ አንዱ ከሆነ እንደገና 60 ሰከንድ ያዳምጣል። ያቺ የጠፋችባችሁ ደቂቃ ይህቺ ናት። ይህን ማጥፋት አይቻልም፣ ሕግ ነው።

ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ያላችሁ ወገኖች ይህ ቢገጥማችሁ አትደነቁ። እዚያ ባሉት ትልልቅ ኤርፖርቶች አቅራቢያ ድንገተኛ ነፋስን የሚከታተሉ ራዳሮች አሉ። የሚሠሩትም ከ5.6 እስከ 5.65 ጊጋኸርዝ ነው፤ በዋይፋይ ቁጥር 120፣ 124 እና 128 መሆኑ ነው። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ እነዚህን ሦስቱን ስትይዙ ራውተሩ 60 ሰከንድ ሳይሆን 10 ደቂቃ ያዳምጣል። ሰው ተበላሸ ብሎ ነቅሎ ይሰካዋል፤ ያኔ አስሩ ደቂቃ ከዜሮ ይጀምራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቻናሉን ከ36 እስከ 48 ባለው ውስጥ እሰሩት። ራውተራችሁ 149 እና ከዚያ በላይ ያሉትን ከዘረዘረላችሁ እነሱም ይሆናሉ። ስፋቱን ደግሞ 80 ሜጋኸርዝ ላይ አቁሙት። ከ36 ጀምራችሁ 160 ካላችሁት እስከ 64 ድረስ ይዘረጋል፣ ሳታውቁት ራዳሩ ሰፈር ገባችሁ ማለት ነው። «36 ላይ አስሬው አሁንም ይጠፋል» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ 160 ላይ ናቸው።

ስልኮቹ ይሠራሉ፣ ከአሜሪካ የተላከልኝ ላፕቶፕ ግን አንዳንዴ ዋይፋዩን ጭራሽ አያየውም።

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ዕቃዎች ብዙዎቹ ከ11 በላይ አያዩም። እዚህ ያለው ራውተር ኦቶ ላይ ሆኖ 12ን ወይም 13ን ሲመርጥ ለላፕቶፑ ዋይፋዩ የለም። ነገ ወደ 6 ሲመለስ ላፕቶፑ «ዳነ» ይባላል። ራውተሩን 11 ወይም ከዚያ በታች እሰሩት። ላፕቶፑ ምንም አልሆነም።

ማይክሮዌቭ እውነት ዋይፋይ ይረብሻል?

እውነት ነው። የሚሠራው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው፣ ልክ ባንዱ መሃል ላይ። ያረጀ ከሆነ ምግብ እስኪሞቅ ድረስ በአቅራቢያው ያለውን ዋይፋይ ያንቀጠቅጠዋል። ኦቶ ላይ ያለ ራውተርም ይደነግጥና ቻናል ይቀይራል። ራውተሩን ከኩሽና አርቁ። ብዙም የማይነገርለት ሌላ ረባሽ ዩኤስቢ 3 ሃርድ ዲስክ ነው። ዕቃውና ገመዱ 2.4 ላይ የሚያርፍ ጫጫታ ይለቃሉ። ራውተሩ ላይ ደርባችሁ ካስቀመጣችሁት አንሱት።

ብሉቱዝ? ባንዱ ያው ነው፣ ግን በሰከንድ 1600 ጊዜ እየዘለለ ስለሚሠራ ብዙም አያስቸግርም።

ኤክስቴንደር ከገባ በኋላ ባሰበት።

ይጠበቃል። ተራ ኤክስቴንደር (የራውተሩን ሲግናል ተቀብሎ ራቅ ወዳለ ክፍል የሚያደርስ ዕቃ) ዋናውን ራውተር የሚሰማው በዚያው ቻናል ላይ ሆኖ ነው። ዋናው ሲዛወር ኤክስቴንደሩ ይጠፋበታል፣ ይፈልገዋል፣ ያገኘዋል፣ ከዚያ ደግሞ ከእሱ ጋር የተገናኙት ስልኮች ተራቸውን ይፈልጋሉ። የአንድ ሰከንዱ ነገር ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ኤክስቴንደር ያለው ቤት ውስጥ ዋናውን ራውተር ኦቶ ላይ መተው አይሆንም። ሜሽ የሚባሉት (እንደ አንድ ዋይፋይ ተባብረው የሚሠሩ ዕቃዎች) ከዚህ ይሻላሉ፣ አንድ ላይ ነው የሚዛወሩት።

ሰው ጠልፎኝ ይሆን?

ቻናል በመቀያየሩ ብቻ? አይመስለኝም። የዋይፋይ ሌባ ቻናላችሁን ለመቀየር ምንም ምክንያት የለውም፤ በዝምታ መጠቀም ነው የሚፈልገው። ግን የራውተሩ መግቢያ ፓስወርድ አሁንም አድሚን ከሆነ ቀይሩት። የእናንተ ስም ያለው ዋይፋይ በሁለት ቻናል ከታየና ራውተራችሁ ያለው 2.4 ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ መጀመሪያ የረሳችሁት ኤክስቴንደር ካለ ፈልጉ። የእኛ ብሎክ ላይ አንዱ «ጠላፊ» የተገኘው ከሶፋ ጀርባ ነው።

ቻናሉን አስሬው ነበር። ከቀናት በኋላ ወደ ኦቶ ተመልሶ አገኘሁት።

ወይ ሴቭ አልተባለም፣ ወይ አቅራቢው ከሩቅ ሆኖ ሴቲንጉን መልሶታል። ኢንተርኔት አቅራቢዎች የሰጡትን ራውተር ከቢሮ ሆነው ማስተካከል ይችላሉ፤ ሶፍትዌር ሲያድሱ የእናንተ ምርጫ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ደውሉና ንገሯቸው። ካልሆነም እንደገና እሰሩት፤ ሁለተኛው ጊዜ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በመርፌ የምትጫነዋን ሪሴት ልሞክር?

እባካችሁ ተዉ። እሷ ሪስታርት አይደለችም። ሁሉንም ነገር ትደመስሳለች። በዲኤስኤል (በስልክ ገመድ በሚመጣ ኢንተርኔት) መስመር ላይ አቅራቢው የሰጣችሁ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ እዚያ ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ ወረቀቱ ከሌላችሁ ኢንተርኔቱ ከእሱ ጋር ሄደ። አንድ ቅዳሜ ማታ የጎረቤቴን ራውተር እንዲህ አድርጌ እስከ ሰኞ ፊቱን ማየት አፍሬ ነበር። ሪስታርት ከፈለጋችሁ ከሶኬት ንቀሉ፣ ግማሽ ደቂቃ ቆዩ፣ ሰኩ።

አዲስ ራውተር ልግዛ?

ከላይ ያለውን ሁሉ ከሞከራችሁ በኋላ፣ እና አሮጌው 2.4 ብቻ ከሆነ፣ አዎ፤ 5 ጊጋኸርዝ ያለው ግዙ። ሁለቱንም ካለው ግን ገንዘባችሁን ያዙ። ቲቪው የተቀመጠው ራውተሩ አጠገብ ነው አይደል? ዴስክቶፑስ? የኔትወርክ ገመድ ግዙና እነሱን በገመድ አገናኙ። ገመድ ቻናል የለውም። ከአየሩ ላይ እነዚህ ሁለት ከባድ ተጠቃሚዎች ሲወርዱ ለስልኮቹ የሚተርፈው ቦታ በዚያው ቀን ይታወቃችኋል።